እጄን የሚቆራርጥ ኔት

ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም አዝመራው፣

ሰላምታውን እንደ አባባ አስረዝሜ፣ ከብቱን ሳይቀር በየስሙ ጠርቼ ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ዛሬ ግን ትዕግሥቱ የለኝም! ሁላችን ደህና ነን፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ የአባባ ጉልበት ከዳገቱ ጋር እንደተጣላ ነው። በቃ፣ ይኸው ሰላምታህ።

«ቪዲዮ በደወልኩ ቁጥር የምትዘጊብኝ ተቀይመሽኝ ነው?» ብለህ የጻፍከውን አንብቤ ሳቅሁም፣ አፈርኩም። ምን በደልከኝና እቀየምሃለሁ? የዘጋሁት የእኔ እጅ አንተ ዘንድ ስለማይደርስ ነው። አንተ ጂንካ ሆነህ የምትነግረኝ ሁሉ ይመጣል፤ ጣትህ አንድ በአንድ ትታየኛለች። እኔ መመለስ ስጀምር ግን ፊትህ ይጨማደድና «ቆመሻል፣ ድገሚው» ትለኛለህ። ሌላው ሰው ምስሉ ቢቆምበት ወሬውን በጆሮው ይጨርሳል። የእኔ ጆሮ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ዝግ ነው፤ ያለኝ አንደበት ይህ እጄ ብቻ ነው፤ እሱን ኔቱ እየቆራረጠ ሲጥለው ምን ላድርግ? ስለዚህ እጽፍልሃለሁ። ጽሑፍ በየትኛውም ቀዳዳ ያልፋል።

አሁን ዋናው ነገር። ቁጭ ብለሃል? ልፈተን ነው! የመምህራን ኮሌጁ ለምልክት ቋንቋ አስተማሪነት ካመለከትነው ውስጥ እኔን ጠራኝ! ጥር 19 ቀን ጠዋት፣ በቪዲዮ፣ ከቤቴ ሆኜ ግማሽ ሰዓት በእጄ አስተምራለሁ፤ ፈታኞቹም እንደኔው መስማት የተሳናቸው ናቸው፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው ያዩኛል። ካለፍኩ በመስከረም እዚሁ ላሊበላ ለእኛ ዓይነት ልጆች አንድ ክፍል ይከፈታል፤ አስተማሪዋ ፋና በእውቀቱ!

ሙጃ ገበያ እናቷ ጎን ተቀምጣ ያየናትን አሰለችን ታስታውሳታለህ? የሰው ልብስ እየጎተተች የምታወራዋን? ሰባት ዓመት ሆኗታል። ስሟ አሰለች እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ የነገራት የለማ። ክፍሉ ከተከፈተ መጀመሪያ የማስተምራት ስሟን ነው። ስለዚህ ኔት አዋቂው ወንድሜ፣ ይህን ነገር ሳትፈታልኝ እንዳትተኛ!

እህትህ ፋና


ጂንካ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም ፋንዬ፣

እልልልል! ደብዳቤሽን ሥራ ላይ ሆኜ ነው ያነበብኩት፤ ከወንበሬ ስነሳ አለቃዬ ኮረንቲ የያዘኝ መስሎት ማብሪያ ማጥፊያው ጋ ሮጠ።

የአንቺ እጅ ብቻ ለምን እንደሚቆም ልንገርሽ። አዎ፣ ፊልም አሳምሮ የሚያሳይ ኔት እጅሽን ላይልክ ይችላል። ወደ ቤት የሚገባው መንገድና ከቤት የሚወጣው መንገድ ለየብቻ ናቸው። የሚገባው የመኪና መንገድ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ አንድ አህያ ብቻ የምታሳልፍ ቀጭን መንገድ። ፊልም የምታዪው በሰፊው ነው። እጅሽ የሚሄደው በቀጭኑ ነው። ቀጭኗ መንገድ ላይ ሌላ አህያ ከቆመ ያንቺ ሸክም ይቆማል ማለት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር። አንደኛ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁልሽ የኔት መለኪያ የሚወጣውን ፍጥነት ለኪና ጻፊልኝ። ከዚያ ደግሞ ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? እኔ ስወጣ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እማዬን ስለማውቃት ግን እዚያ መቆየቱን እጠራጠራለሁ። ደግሞስ ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት? ሆቴል ሄደሽ ለመፈተን ካሰብሽም፣ ሞክሪው፤ የሆቴል ኔት ግን የጋራ ጠላ ነው፣ ማን ቀድቶ እንደሚጨርስብሽ አታውቂም።

ወንድምሽ አዝመራው


ላሊበላ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ገና ነበር! ቤታችን ታውቃለህ፣ እንግዳው ከደጅ እስከ ደርብ ተኝቶ እኔ ለመውጣት ስንት እግር እንደተሻገርኩ አትጠይቀኝ። ከብልባላ የመጡ አሉ፣ ከሰቆጣ የመጡ አሉ፣ ከየት እንደመጡ ሳንጠይቃቸው እግራቸውን ያጠብናቸውም አሉ።

«ስንት ሰው ነው የሚጠቀምበት?» ላልከው መልሱን ስትሰማ እንዳትስቅ። አባባ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በጠመኔ መዝጊያው ላይ ጽፈውላቸው ነበር! እማዬ «ምነው መሪጌታ?» ብትላቸው «እግሩን አጥቤ ያስገባሁትን እንግዳ በምን ልቤ ነው ከዚህ የማስቀረው?» አሏት። እንግዳው ሁሉ የበዓሉን ቪዲዮ ለየሀገሩ ሲልክ ሰነበተ። አህያ አልክ? የጨው ነጋዴ ጉዞ በለው እንጂ!

ራውተሩንም አገኘሁት። ብፌው ላይ፣ ከቆርቆሮው ሣጥን ጀርባ፣ እማዬ የሠራችውን ዳንቴል ሁለት ድርብ ለብሶ ተቀምጧል። «እንደ ቴሌቪዥኑ አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው» አለችኝ። ስነካው እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። ገፍፌ አወጣሁት፤ እሷ እስካሁን «እርቃኑን አስቀረሽው» እያለች ትቆጣኛለች።

እንግዳው ከሄደ፣ ዳንቴሉም ከወለቀ በኋላ ለካሁት። የሚገባው ሃያ ሜጋ ነው። የሚወጣው ግን ግማሽ ሜጋ እንኳ አልሞላም፤ እጄ አሁንም ይቆማል። ሆቴሉንም ሞከርኩ፤ ከእኛም ይብሳል። የስልኩ ዳታ ደግሞ ከዚህ ዳገት ሥር አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል።

ሌላም የምነግርህ ነገር ነበር። ይቆይ።

ፋና


ጂንካ፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

«ይቆይ» ብለሽ የተውሽው ምንድን ነው? እኔ ላይ ሆድሽን አትቆልፊ፤ በልጅነታችን ማሰሮ ስትሰብሪም እንዲሁ «ይቆይ» ነበር የምትይው።

ሥራችንን እንቀጥል። ከራውተሩ ጋር አብሮ የመጣውን ኬብል አውጥተሽ ላፕቶፑን ከራውተሩ ጋር አገናኚ፤ ከዚያ በኋላ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍሮ ነው ማለት አንችልም። ከኬብሉም በኋላ ካልተሻለ በቤቱ ያለውን ሁሉ አጥፊ፣ የእማዬን ስልክ ጭምር፤ ራውተሩን ብቻ ተዪው። ፊት ለፊቱ ተቀምጠሽ መብራቱን እዪ። የሚልክ ከሌለ መብራቱ መርጋት አለበት።

አዝመራው


ላሊበላ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

እሺ፣ ልንገርህ። ታኅሣሥ 27 ከፈታኞቹ ጋር የሙከራ ቀን ነበር። ቀሚሴን አስተኩሼ፣ ከኋላዬ ነጭ አንሶላ ሰቅዬ ቀረብኩ። ሦስት ደቂቃ አልሄድኩም። «እጅሽ አይታይም» ብለው ጻፉልኝ። ደገምኩ። «ይቅርታ፣ አሁንም አይታይም። በዋናው ቀን እንዲህ ከሆነ ለዘንድሮ ልንቀበልሽ አንችልም።» ላፕቶፑን ዘግቼ አለቀስኩ። የደበቅሁህ አንተ እዚያ ሆነህ እንዳትብሰለሰል ብዬ ነበር። ይኸው ማሰሮው ተሰበረ።

ግን ስማኝ፣ አንድ ጉድ አግኝቻለሁ! ኬብሉን ሰካሁ፣ ያው ነው። ሁሉን አጠፋሁ፤ የእማዬን ስልክ፣ የእኔን፣ ላፕቶፑን፣ ቴሌቪዥኑን ሳይቀር። ራውተሩ ፊት ቁጭ አልኩ። አዝመራው፣ መብራቱ አላርፍ አለ! ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ! ማንም ሳይነካው እንደ እብድ ይጠቅሳል። እማዬ አይታ አማተበችና የጸበሉን ጀሪካን አንስታ ልትረጨው ስትል እጇን ለቀም አደረግሁ። ውኃ የነካው ራውተር ምን እንደሚሆን ለእሷ ማስረዳት ከፈተናው ይከብዳል!

አንድ የሚልክ ነገር ቤታችን ውስጥ አለ። ምንድን ነው? ቶሎ ጻፍልኝ፣ ልቤ ሊወጣ ነው!

ፋና


ላሊበላ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ትናንት «ደርቡንስ አየሽው?» ብለህ ለላክኸው፦ አየሁት! አገኘሁት!

አባባ ማኅሌት ሄደው ሳሉ ወደ ክፍላቸው ወጣሁ። መስኮቱ ላይ፣ በቆዳ ጠፍር ከብረቱ ጋር ታስሮ፣ ቻርጀር ላይ እንደተሰካ፣ ያ አንተ አምና የላክህላቸው ስልክ! ዓይኑ ወደ ውጭ ነው። እንደምታውቀው ከዚያ መስኮት ቁልቁል የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ከነመስቀሉ ወለል ብሎ ይታያል። ጠጋ ብዬ ሳይ የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ አልተዘጋም። በስልኩ ላይ አልጋ ላይ ጋደም ያሉ ሽማግሌ አሉ። አባ ገብረመስቀል!

እማዬ ጋ ወርጄ አፋጠጥኳት፤ እሷ ታውቅ ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። አባ ገብረመስቀል ከአባባ ጋር ከልጅነት ጀምረው በአንድ መቋሚያ የዘመሙ ባልንጀራቸው ናቸው። ከጉሮሯቸው ሕመም ወዲህ ድምፃቸው ጠፍቷል፤ ያንን ታውቃለህ። አምና ደግሞ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ብልባላ ልጃቸው የኔሰው ቤት ከአልጋ ዋሉ። አባባ ሊጠይቋቸው ሲሄዱ በወረቀት «ሞቱን አልፈራሁም፤ ደጁን ሳልሳለም መዋሌ ነው የገደለኝ» ብለው ጻፉላቸው። አባባ ተመልሰው መጡና የኔሰውን በስልክ እየጠየቁ ይህን አሰሩ። የኔሰው ቤት ሲም የሚያስገባ ራውተር አለ። አባ በተገላበጡ ቁጥር ቤተ ጊዮርጊስን ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ይሳለማሉ። ሌሊትም አይዘጋም። አባባ «ደጀ ሰላም ይዘጋል እንዴ?» ብለዋታል ለእማዬ። ጨለማውን ሳይቀር ወደ ብልባላ እየላክን ነው ወንድሜ!

እኔ ዳንቴሉን ገፍፌ እማዬን ስወቅስ ሰነበትኩ፤ የአብዬን ወደ እምዬ አሉ። ስልኩን ነቅዬ ጥሪውን ስዘጋው የራውተሩ መብራት ረጋ፣ ለካሁት፣ የሚወጣው አራት ሜጋ ደረሰ! አራት! ደስታዬን ሳልጨርስ የአባ ገብረመስቀል ፊት መጣብኝ፤ ሮጬ ሰክቼ መልሼ ደወልኩላቸው።

አሁን ምን ይሻላል?

ፋና


ጂንካ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እታለም፣

እንኳን ለጥምቀቱ አደረሰሽ። አባባ! እኔ ለወሬ መጠየቂያ የላክሁት ስልክ ደጀ ሰላም ሆነ? ስስቅ ውዬ ማታ ግን መላ ስፈልግ አመሸሁ።

ራውተራችን አሮጌ ነው፤ ለማን ቅድሚያ ስጥ ብትዪው አይገባውም። ሌላ ዘዴ አለ። ቤተ ክርስቲያን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ ጥራት አያስፈልገውም። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ጥራት ወደ ዝቅተኛው አውርጂው፤ የሚበላው አንድ አምስተኛ ይሆናል። ለአንቺም ይተርፋል፣ ለአባም አይጎድልም። ሞክሪውና ጻፊልኝ።

አዝመራው


ላሊበላ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

ዘዴህ ሠርቷል፤ እኔም ትቼዋለሁ። ልንገርህ።

ጥራቱን አወረድኩት፣ እጄም ደህና መሄድ ጀመረ፣ ዘለልኩ! በማግስቱ የኔሰው ለእማዬ ደወለ። አባ ጠዋት ተነስተው ወረቀት ጠይቀው «ላሊበላ ጉም ወርዷል ወይስ ዓይኔ ነው?» ብለው ጻፉ። የኔሰውም «በጥር ጉም የለም» አላቸው። እሳቸውም «ድምፄ ሄደ፣ እግሬ ሄደ፣ የዓይኔ ተራ ደረሰ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ እህልም አልቀመሱ። እማዬ ይህን በእጇ ስትነግረኝ ደርቡን በሁለት እርምጃ ወጣሁትና እንደነበር መለስኩት። የኔሰው መልሶ ደውሎ «ጉሙ ተገፈፈ፣ አባም እህል ቀመሱ» አለን። ከዚያ ወዲያ ልነካው እጄ እምቢ አለኝ።

«ለአባባ ለምን አትነግሪያቸውም? ግማሽ ሰዓት ምን አላት?» ብለሃል ትናንት በአጭር መልእክትህ። ለአንተ ቀላል ነው። አንተ ከአባባ ጋር ታወራለህ። እኔና አባባ ሃያ አራት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር «ነዪ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ» ብቻ ነው ያወራነው። እማዬ እጄን ተማረች፣ አንተ ተማርክ፣ እሳቸው ግን ሁልጊዜ «እሺ በኋላ» ነበሩ። እውነቱን ልንገርህ፤ የምፈራው ከጠየቅኋቸው ባልንጀራቸውን እንዳይመርጡ ነው። ካልጠየቅኋቸው አላውቀውም። ቢያንስ አላውቀውም።

ለእማዬ ብቻ ነው ይህን የነገርኳት። አንተም ለአባባ እንዳትጽፍ፣ በጊዮርጊስ ይዤሃለሁ። ጥር 19 ኔቱ እንደፈቀደ ይሁን።

ፋና


ጂንካ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፋና፣

በጊዮርጊስ ከያዝሽኝ አልጽፍላቸውም። ግን ተናድጃለሁ! ያቺን የሙጃ ልጅ አስቢያት እንጂ፤ ለአንቺ ብቻ መሰለሽ? ስልኩን ለግማሽ ሰዓት ነቅለሽ ዝጊው፤ መብራት ጠፋ ይባላል፤ መብራት መጥፋት በላስታ አዲስ ነገር ነው? ንቀዪው እልሻለሁ!

ለማንኛውም ላፕቶፑን በኬብል ተጠቀሚ፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ አንሶላው ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ ይሁን፤ እጅሽ ይጎላል። አይዞሽ እታለም። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

አዝመራው


ላሊበላ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አንዴም አልቆመም! አንዴም! ግማሽ ሰዓቱን ሙሉ እጄ እንደ ወንዝ ሄደ። ፈታኞቹ ሲስቁ ሳቃቸው ሳይዘገይ መጣ። አንዷ መሐል ላይ አስቁማ «ከየት ነው የምትልኪው? አጠገባችን ያለሽ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ውጤቱ በኋላ ይነገራል ተብሏል፤ እኔ ግን ዛሬ የልቤን ተናግሬያለሁና ውጤቱ ይምጣ!

«ነቀልሽው ወይ?» ብለህ ከጠዋት ጀምሮ ትጠይቀኛለህ። እኔ አልነቀልኩም። ሰው ነቀለው።

ጠዋት ስነሳ አባባ የሉም። ትናንት የጊዮርጊስ በዓል ስለነበር የዋዜማውን ሌሊት ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው፤ ይተኛሉ ብዬ ነበር። ሳልመረቅ ልፈተን ነው ብዬ አኮረፍኩ። ደርብ ወጣሁ፤ መስኮቱ ላይ ጠፍሩ ብቻ ቀርቷል፣ ስልኩ የለም። ስልኩን ከእኔ ሊያድኑት ይዘውት ሄዱ ብዬ አሰብኩ። እንደዚያ አስቤ ነው ፈተናው ላይ የተቀመጥኩት። እንባዬን ጠርጌ፣ ተናድጄ ነው ያስተማርኩት፤ ምናልባት ንዴቱም ረድቶኛል።

እማዬ ፈተናው እስኪያልቅ ጠብቃ ነገረችኝ። ማታ ሁሉን አውርታላቸው ኖሯል። አባባም «ለእኔስ ለምን አልነገረችኝም?» አሏት። እሷም «በየትኛው ቋንቋ ትንገርህ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ አልተኙም። ሊነጋጋ ሲል ጸበሉንና እምነቱን ይዘው፣ ስልኩን አጥፍተው ኪሳቸው ከተው፣ ወደ ብልባላ በሚወጣ አይሱዙ ጭነት ላይ ተቀመጡ። በዚያ ጉልበት! «ወንድሜ ጨለማ ስልክ ፊት ለፊት ሲጠብቅ አይውልም፤ ዛሬ መስኮቱ እኔው ነኝ» ብለዋታል ሲወጡ።

እንግዲህ የፈራሁትን ጥያቄ ሳልጠይቃቸው መለሱልኝ። ከሁለት አንዳችንን አልመረጡም። አንተም ሁለተኛ «ንቀዪው» እንዳትለኝ!

ፋና


ላሊበላ፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣

አለፍኩ! አለፍኩ! አለፍኩ! መልእክቱ ዛሬ ጠዋት ገባ፤ ለአንተ ሳልጽፍ የዋልኩት ቤታችን ስለተገለበጠ ነው። እማዬ እልልታውን አቀለጠችው አሉ፤ እኔ በአፏ አየሁት። ለሙጃዋ አሰለች እናት ሰው ልከናል።

አሁን የምነግርህን ግን ቀስ ብለህ አንብብልኝ።

መልእክቱን ለአባባ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ደርብ አወጡኝ፤ እማዬም ተከተለችን። ስልኩ ወደ ቦታው ተመልሷል። አባባ ጠፍሩን ፈቱና ከመስኮቱ ወደ እኛ አዞሩት። አባ ገብረመስቀል ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ሰው ሲሆንባቸው ደንግጠው ቀና አሉ። እማዬ ማለፌን ነገረቻቸው። አፋቸውን ከፈቱ፤ የሆነ ነገር ሊሉኝ ፈለጉ። አንገታቸው ተወጠረ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ምንም አልወጣም። ያን ፊት አውቀዋለሁ አዝመራው። የእኔም ፊት ነበር።

እኔም ሁለት እጄን ወደ ላይ አንስቼ ጣቶቼን አራገፍኳቸው። የእኛ ጭብጨባ ነው፤ አንተ ታውቀዋለህ። አባ አዩኝ። ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አወጡ፣ አነሱት፣ አራገፉት። ሳቁ! ድምፅ የለው፣ ምን የለው፣ ጥርሳቸው በሙሉ እስኪታይ ሳቁ። ምስሉም አልቆመም።

ዞር ስል አባባ ከጎኔ ሁለት እጃቸውን አንስተው ጣታቸውን እያራገፉ ነው። እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። እኔም አልጋቸው ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም፤ ወደ እማዬ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ፤ እሷም ፊቷን ሸፈነች። «ምን አሉ?» አልኳት። «‘ልጄ’ በእጅ እንዴት ነው የሚባለው? እያሉሽ ነው» አለችኝ።

አሳየኋቸው። ጣታቸው ተጣመመባቸው፤ እኔ ግን ገባኝ።

እህትህ ፋና